ከመካ መገንጠያ የወረዱት እትዬ አስካለ

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ቅዳሜ ከክፍል ስወጣ ነው። አንዲት ወጥ ሠሪ ከመኪና መውረዷ ይጻፋል ወይ? የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝና እርግጠኛ አይደለሁም። ግን አንድ ጊዜ ዝም ብያለሁ፤ ዳግመኛ ዝም አልልም።

ጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር፣ አንድ ቤት እንሠራ ነበር፤ እሳቸው ምግብ አብሳይ፣ እኔ ጽዳት። ሁለታችንም ክርስቲያኖች ስንሆን የገባነው ደላላ በሰጠን የሙስሊም ስም ነው። በኢቃማቸው፣ በመኖሪያ ፈቃዳቸው ላይ፣ «ዘይነብ» ተብለዋል። በጾም የሥጋ ወጥ ሲሠሩ አይቀምሱም፤ «ነይ እስቲ፣ ምላስሽን አበድሪኝ» እያሉ ይጠሩኛል። እኔ አልጾምም ነበር። አንድም ቀን አልወቀሱኝም።

በረመዳን አሠሪያችን ማዳም፣ መካ መንሱር ሰፈር ያሉ ዘመዶቿን ልታስፈጥር ሁለታችንንም ይዛ ወደ መካ ተነሣች። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ወደ ሌላ መንገድ የሚታጠፍበት መገንጠያ ሲቃረብ እትዬ አስካለ የበሩን እጀታ ያዙ።

«እትዬ፣ ወረቀቱ እኮ ሙስሊም ይላል! ማን ያውቅብናል?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«እኔ አውቃለሁ። ስሜን ለእንጀራ ብዬ ሸጥኩት፤ ይበቃኛል። የእነሱን ቅዱስ ከተማ ደግሞ ዋሽቼ አልረግጥም።»

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በዐረብኛ «ማዳም፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ስሜም አስካለ ነው» አሉ።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ዋሸሽኝ?»

«ስድስት ዓመት። ዛሬ ኸላስ፣ አበቃ።»

ማዳም ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ?»

«እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ወላሂ!» አልኩ።

እትዬ አስካለ ስለ እኔ አንድ ቃል ቢናገሩ እኔም አብሬ እወርድ ነበር። አልተናገሩም። ዘንቢላቸውን አንሥተው ብቻቸውን ወረዱ።

ወደ ጅዳ ሲመለሱ ካራንቲና ሰፈር ያሉ የእኛው አገር ክርስቲያኖች በር ዘጉባቸው። «በአንቺ ጦስ ሁላችንንም ሊመረምሩን ነው! ሰማዕት መሆን ካማረሽ ብቻሽን ሁኚ!» አሏቸው። ያስጠጓቸው መካ ተወልደው ያደጉት ወሎዬው ሾፌራችን ሐጂ እድሪስ ናቸው። «ከተማችንን ያከበረች ሴት ደጅ አታድርም» ብለው እህታቸው ቤት ወሰዷቸው። በሳምንቱ እትዬ አስካለ ኢቃማቸውን ይዘው ራሳቸው ፖሊስ ዘንድ ቀረቡ፤ ታሰሩ፤ በገዛ ስማቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከእኛ መሀል ግን አንድም ሰው አልተጠራም። የማንንም ስም አልሰጡም። በር የዘጋችሁ ሁሉ፣ ይህንን አንብቡት! እኔ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ የውሸት ስም ይዤ ጅዳ ሁለት ዓመት ቆየሁ።

እትዬ አስካለ፣ ምላሴን ስንት ጊዜ ተበደሩኝ! ለእውነት ባስፈለገኝ ቀን ግን እኔኑ ከዳኝ። በሰላም ይረፉ፤ ከእንግዲህ ስምዎን የሚነጥቅዎ የለም። የእርስዎ ውሸት እዚያ መገንጠያ ላይ አበቃ። የእኔ ያበቃው መቃብርዎ አጠገብ ቆሜ በዘመዶችዎ ፊት «ክጃለሁ፤ ክርስቲያን ነኝ» ያልኩ ዕለት፣ ኅዳር 12 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው።