ሁለት አስር ሃያ ነው

እናቴ ጥሩሸዋ ከሰዓት በኋላን አትወድም ነበር። ጠዋት ሥራዋን ታውቃለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሦስት ልጆቿ በሦስት አቅጣጫ ይበተኑባትና አንድ እግሯ እዚህ፣ አንድ እግሯ እዚያ ይሆናል። አባታችን ወሰኔ ባና የሚባለው የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነጋዴ ስለነበር በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ሲመጣም «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ይላል እንጂ «የት የት ናቸው?» ብሎ አያውቅም። በዚህ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል።

ዘመኑ 1958 ነው። ታላቅ ወንድሜ መርስዔ ኃዘን አስራ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ዳገቱ ላይ ካለው ከሚካኤል፣ የኔታ ገብረ ክርስቶስ ዘንድ ዳዊት ይደግማል። እኔ ገበያነሽ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዘመሮ መንደር ካለው አስኳላ ገብቼ ሁለተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ከትምህርት በኋላም ለመዝሙርና ለግጥም ልምምድ እቀራለሁ። ትንሹ ወዳጆ ገና ስድስት ዓመቱ ሲሆን ወንዝ ዳር ካለው መስክ ላይ ከአጎታችን ከገብረየሱስ ፈረስ ግልቢያ ይማራል። «ይማራል» የሚለው አጎቴ ነው። እናቴ «ይወድቃል» ነበር የምትለው።

ሦስታችንን ጀምበር ሳትጠልቅ ሰብስቦ ቤት ማስገባት የእሷ ፈንታ ነበር። ጅብ አለ፤ ክረምት ሲቃረብ ደግሞ ወንዙ ይሞላል። ስለዚህ የበግ ጠጉሯን ክንዷ ላይ ጠቅልላ፣ እንዝርቷን ይዛ ትነሣለች። መጀመሪያ ወዳጆን ከፈረስ ታወርዳለች፤ ቀጥላ እኔን ከዘመሮ፤ ከዚያ ሽቅብ ወደ ሚካኤል። መንገዱን ሁሉ እየሄደች ትፈትላለች። የዚያን ዓመት ባናችን ከዳር እስከ ዳር መንገድ ላይ የተፈተለ ነው። ሸማኔው «ጥሩሸዋ፣ ይቺ ወፍራሟ ክር ዳገት ላይ የፈተልሻት ናት» እያለ ይስቅባት ነበር። እሷም አትክድም።

ግንቦት ላይ አስኳላው የወላጆች ቀን ሊያከብር ነው ተባለ። መምህራችን አፈወርቅ ስለ ንጽሕና ግጥም ጻፉና እኔን መረጡኝ። ግጥሙ እንዲህ ይጀምራል፦

ያቻት የኔ እናት፣ ልብሷ እንደ ወተት፣
ጭቃ አይነካት፣ ጉድፍ የለባት።

«‹ያቻት› ስትዪ እጅሽን ዘርግተሽ እናትሽን ታሳያለሽ» አሉኝ። አንድ ወር ሙሉ ቤት ውስጥ እጄን ስዘረጋ ከረምኩ። እናቴ እንስራ ተሸክማ ስትገባ «ያቻት»፣ እበት ስትዝቅ «ያቻት»። ግጥሙን ከእኔ እኩል በቃሏ ይዛው ነበር። ልብሷ እንደ ወተት የሚለው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ወደ ቀሚሷ ዝቅ ብላ ታያለች።

ሰኔ ሲገባ መምህሩ ለየወላጁ ወረቀት ሰጡን። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ቤታችን ውስጥ ንባብ የመርስዔ ግዛት ስለነበር ወረቀቱ ለእሱ ተሰጠ፤ እኔን ማን ይጠይቀኛል። አነበበና «ሰኔ ሃያ፣ ከምሳ በኋላ ይላል» አላት። እሷም ሰኔ ሃያን በልቧ ያዘች። እኔ ይህ ሁሉ ሲሆን ጎረቤት ነበርኩ።

ሰኔ አስር ቀን ማታ እራት ላይ፣ «እማዬ፣ ነገ ነጩን ቀሚስሽን ልበሺ» አልኳት።

«ነገ ምን አለ?»

«የወላጆች ቀን ነዋ።»

መርስዔ ጉርሻውን እንደያዘ ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ሃያ ነው።» ወረቀቱን ከዳዊቱ ማኅደር አውጥቶ በጣቱ አሳየን። መምህር አፈወርቅ ሰኔ 11 ብለው ጽፈዋል። 1ን ራስና እግር እየሠሩላት ስለሚጽፉ ቁርጥ የግእዙን ፲ ትመስላለች። «ይኸው አስር። ይኸው ሌላ አስር። ሁለት አስር ስንት ነው?»

«ሃያ» አለ ወዳጆ፤ በጣቱ እንኳ አልቆጠረም።

«አስራ አንድ ነው» አልኩ።

«አስራ አንድማ ፲፩ ተብሎ ነው የሚጻፍ። የአስኳላ ሰው ፳ መጻፍ ስለማይችል ሁለት አስር አስቀምጦ ነው።»

እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየች። እሱ ዳዊት ሊፈጽም ጥቂት መዝሙር የቀረው ነው። እኔ በዚያው ሳምንት ጨው ግዢ ተብዬ ስኳር ይዤ የመጣሁ ነኝ። «ደግሞስ ነገ የሚካኤል ዋዜማ አይደለም? በዋዜማ ማን ሰው ይጠራል» አለችና ፈረደችብኝ። አልቅሼ ተኛሁ። ጠዋት ሳላናግራት ወጣሁ። እናቴን እወዳታለሁ፤ ያን ቀን ጠዋት ግን ጠልቻት ነበር።

የቀረውን ከእሷና ከወዳጆ ነው የሰማሁት፤ ሁለቱም ስለ ውድቀቱ አይስማሙም።

ከምሳ በኋላ መስኩ ላይ ቆማ እየፈተለች፣ ወዳጆ በአጎቴ ዳማ ፈረስ ላይ እየዞረ ሳለ፣ የኔታ ገብረ ክርስቶስ ጥላቸውን ይዘው ቁልቁል ሲወርዱ አየቻቸው።

«ወዴት ነው የኔታ?»

«ወደ አስኳላው ነዋ፤ ባርኩልን ብለው በቃል ልከውብኝ። አንቺስ ልጄ፣ ልጅሽ ግጥም ታቀርብ የለም እንዴ?»

«የሷማ ሃያ ነው።»

«ማን አለ?»

«የእርስዎ ተማሪ።»

«ዛሬ ነው ልጄ። ሰዉ ተሰብስቧል።»

እናቴ እንዝርቷን ሹሩባዋ ውስጥ ሻጠችና ዙሪያዋን አየች። በእግር ከሆነ ግጥሙም ያልቃል፣ ልጅቷም አልቅሳ ትጨርሳለች። ከሠርጓ ቀን በቅሎ ወዲህ እንስሳ ላይ ወጥታ አታውቅም። አጎቴ ገብረየሱስ ግን ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል አንሥቶ ከወዳጆ ኋላ አስቀመጣት። «እሱ ይነዳሻል» አላት። የመንገዱ ግማሽ ረግረግ ነው። ወዳጆ አንዴ ብቻ ነው የወደቅነው ይላል። እሷ ወረድኩ እንጂ አልወደቅኩም ትላለች።

እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሜያለሁ። «ገበያነሽ ወሰኔ» ተብሎ ስሜ ተጠርቷል። ወላጆቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። እኔ ግን በዓይኔ እናቴን ፈለግሁ።

«ጀምሪ እንጂ» አሉ መምህር አፈወርቅ።

«እናቴ የለችም። ማንን ላሳይ?»

ሰዉ ሳቀ። መምህሩ ጠጋ ብለው «የጠጄን እናት አሳዪ፤ ማን ያውቃል» አሉኝ። የክፍል ጓደኛዬ የጠጄ እናት ልብሷ በእርግጥም ወተት ነበር። ደግ ሴት ናት፤ ፈገግ ብላ ቀና አለችልኝ። እጄን ለመዘርጋት ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። «የኔ አይደለችም» አልኩ።

«እንግዲያው ውረጂ።»

አንድ እግሬን እንዳወረድኩ የፈረስ ኮቴ ተሰማ። ወዳጆ ዳማውን ከአጥሩ ደጃፍ አቆመው፤ ከኋላው እናቴ ወረደች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተጠምዟል፤ ቀሚሷ ከጫፉ እስከ ወገቧ ጭቃ ነው። እንዝርቷ ሹሩባዋ ላይ እንደ ተሻጠ ነው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። «አለሁ» አለች፤ አስተማሪ ስሟን የጠራት ይመስል።

አፈርኩ። እንዲያ ደስ ብሎኝም አያውቅ። እግሬን መለስኩና እጄን ዘረጋሁ።

«ያቻት የኔ እናት...»

ከዚያ በኋላ ያለውን እሷም እኔም እናውቀዋለን። ልብሷ እንደ ወተት ስል ከኋላ የሳቀ ነበር። እሷ እንደ ልማዷ ወደ ቀሚሷ ዝቅ ብላ አየችና ጭቃውን በእጇ ልትሸፍን ሞከረች። ከየት አባቱ ይሸፈናል። መምህር አፈወርቅ የጭቃውን መስመር ዝለዪው ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። እኔ አልዘለልኩትም።

«...ጭቃ ቢነካት፣ ጉድፍ የለባት።»

ሳቁ ቆመ። የጠጄ እናት እልል አለች። ቀሪውን ግጥም ማን እንደሰማው እንጃ፤ እኔም አላስታውሰውም።

ዘግይተው በእግራቸው የደረሱት የኔታ፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሰኔ 11 ትክ ብለው አዩና «ተማሪዬ ምን ያድርግ፣ ሁለት አስር ሰጥታችሁት» አሉ። መርስዔ ያን ቀን የሚያመጣው ሰው ስላልነበረ ራሱ መጥቶ ቤት ጠበቀን። ስለ ቁጥሩ ማንም አላነሣበትም። በማግስቱ ግን አመድ ላይ እየጻፍኩ የአስኳላውን ቁጥር እንዳሳየው ጠየቀኝ፤ አሳየሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ እኔን በአንድ እጇ ይዛ በእግሯ ነበር የሄደችው። ወዳጆ ብቻውን ፈረሱ ላይ ከፊት ከፊታችን ይሄዳል። ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ቆመች።

«‹አይነካት› ነበር እኮ የሚለው» አለችኝ።

«ነክቶሽ የለ እንዴ» አልኳት።

እጄን ለቀቀችና እንዝርቷን ከሹሩባዋ አወጣች። ከዚያ ሐሳቧን ቀይራ መልሳ ሻጠችውና፣ እጄን እንደገና ያዘች። ያን ቀን እስከ ቤት ድረስ አልፈተለችም።