የታሪክ መምህሩ ደብተር

በንጉሡ ዘመን ሱሉልታ ቤታችን አንድ ፈረንጅ መጣ። ዌልስ የሚባል አገር ሰው ነኝ፣ አዲስ አበባ ባለው ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተምራለሁ አለ። አባቴን "ኦቦ፣ ይህ መሬት በአያትዎ ጊዜ የማን ነበር? ድንበሩስ እስከ የት ነው?" እያለ በአማርኛ ይጠይቃል፤ መልሱን ይጽፋል። እኛ ዘንድ ድንበር እየጠየቀ የሚጽፍ ሰው መሬት የሚለካው ቀላድ ጣይ ነው። የጎረቤታችን መሬት እንዲሁ በገመድ ተለክቶ ግማሹ ለሌላ ሰው ሄዷል። አራተኛ ክፍል ደርሻለሁና ደብተሩን አየሁት፤ በፈረንጅ ፊደል ነው።

"ጌታው፣ የአባቴን ቃል አባቴ በማያነበው ፊደል ለምን ይጽፋሉ?"

"ለታሪክ ነው፣ እህቴ።"

"ቀላድ ጣዩም ለመንግሥት ነው ብሎን ነበር። በአማርኛ ጽፈው፣ ፈርመው ለእኛም ይተዉልን።"

አባቴ "ኧረ ተይ፣ እንግዳ ነው!" ቢለኝም በሩ ላይ ቆሜ አላሳልፍም አልኩ። ሰውየው ሳቀ፤ በወረቀት ጽፎ፣ ፈርሞ ሰጠን።

ከዓመታት በኋላ ሰውየው በአገሩ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ሆኖ ተሾመ ሲሉን አባቴ መረቀው። እኔ ወረቀቱን ከሳጥን አውጥቼ ድንበራችንን አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ትክክል ነው። ደብተሩ ግን አሁንም እሱ ዘንድ ነው።