በሹራብ እጅጌ የመጣ አበባ

የእርጥብ ሱፍ ሹራብ ሽታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ክረምት ገብቶ ጉሙ ከጦሳ ተራራ እየተንከባለለ ደሴን ሲሸፍናት፣ ልጄ ከውጭ በስብሳ ገብታ ሹራቧን ወንበር ላይ ጣል ስታደርገው፣ ያ ሽታ ብድግ ይልና ቤቱን ይሞላዋል፤ እኔም የያዝኩትን ሥራ ትቼ እቆማለሁ። «እማ፣ ደግሞ ምን ሆንሽ?» ትለኛለች። «ምንም» እላታለሁ። ያ የጥንቱ ሹራብ የአባቴ ነበር፣ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ጥፋቱም የእኔ ነበር።

አባዬ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት የሚያይ ሰው ስለነበር የሰፈራችን ሰዎች «ምን ወድቆበት ነው?» እያሉ ይስቁበት ነበር። የወደቀበት ነገር አልነበረም፣ የሚፈልገው የሜዳ አበባ ነበር። እሁድ እሁድ እኔን አስከትሎ ወደ ጦሳ ጎን ይወጣ ነበር፣ አንዳንዴም እስከ ቦሩ ሜዳ በእግር እንሄድና ያገኘነውን በጋዜጣ መሃል አድርገን፣ ከላዩ ድንጋይ ጭነን፣ ሲደርቅ አንድ ወፍራም ደብተር ላይ እንለጥፈው ነበር። እያንዳንዱ ገጽ በእርሳስ መስመር ለሦስት ይከፈል ነበር፣ አባዬ «ቤት» ይላቸው ነበር፦ የቅጠል ቤት፣ የአበባ ቤት፣ የፍሬ ቤት። ከላይ የስም መስመር አለ። ሦስቱ ቤቶች ሳይሞሉ እዚያ መስመር ላይ ስም መጻፍ በእኛ ቤት እንደ ትልቅ ነውር ይቆጠር ነበር፣ ሲሞሉም ስሙን የሚጽፈው አባዬ ራሱ ነበር እንጂ እኔ እስክሪብቶውን እንድነካ አይፈቅድልኝም ነበር።

የሚጀመረው ከቅጠሉ ነበር። ዓይኔን ያስጨፍነኝና ቅርንጫፉን እጄ ላይ አስቀምጦ «በጣትሽ ጠይቂው፣ እግር አለው ወይስ ቁጭ ብሏል?» ይለኝ ነበር። ከግንዱ በቀጭን ዘንግ ርቆ የሚንጠለጠለውን ቅጠል «ባለ እግር» እንለው ነበር፣ ያለ ምንም ዘንግ ግንዱ ላይ ተለጥፎ የሚበቅለውን ደግሞ «ቁጭ ባይ»። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ለቅጠል ግድ አልነበረኝም፣ ቀለም ካየሁ ልቤ ይጠፋል፣ ችኩልም ነበርኩ፤ ዓይኔን የጨፈንኩ መስዬ በሽፋሽፍቴ ሥር አጮልቄ አይና ገና ቢጫ ነገር ብልጭ ሲልብኝ «አሜጃ!» ብዬ እጮህ ነበር። አሜጃ የደጋ ቁጥቋጦ ነው፣ በጦሳ ጎን ሞልቷል፣ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ግንዱ ላይ ቁጭ ይላል፣ አበባውም አምስት ክንፍ ያለው ደማቅ ቢጫ ነው። አባዬ እየሳቀ «ሐዋዬ፣ ቢጫ አበባማ ስንት አለ። ቅጠሉን ሳትጠይቂ አትፍረጂ» ይለኝ ነበር።

መጨረሻ አብረን የወጣነው ወደ ኮምቦልቻ ነበር። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ ጆሮዬ ተደፍኖብኝ፣ ከታች ስንደርስ ሙቀቱ ሹራባችንን አስወልቆን፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ጭቃው ውስጥ ጫማችንን በእጃችን ይዘን መሄዳችን ትዝ ይለኛል። እዚያ ረግረጉ ላይ የተንጋለለ ተክል አገኘን፣ አበባው ቢጫ፣ ክንፉም አምስት። እኔማ «አሜጃ!» አልኩ፣ እንደ ልማዴ። አባዬ ግን ዓይኔን በመዳፉ ከደነና ቅጠሉን አስዳሰሰኝ፣ ከግንዱ በዘንግ ርቆ የቆመ ባለ እግር ነበር። «አየሽ፣ ይሄ እዚህ ታች ውሃ ዳር ነው የሚኖረው፣ እኛ ደሴ አይወጣም» አለኝ። ፍሬው ከአበባው ሥር እንደ ቅርንፉድ ረዘም ብሎ እንደሚመጣ ነገረኝ፣ ያን ቀን ግን አልደረሰም ነበርና ቅጠሉንና አበባውን ብቻ ይዘን ተመለስን። የፍሬው ቤት ባዶ ቀረ። «ሲደርስ አመጣልሻለሁ» ብሎኝ ነበር።

በተከታዩ ሐምሌ አባዬን ወሰዱት። ሦስት ሰዎች በምሳ ሰዓት መጡ፣ አንደኛው የአባዬ ተማሪ የነበረ ነው፣ ቀና ብሎ አላየውም። ዝናብ ስለነበር እማዬ የሠራችለትን ግራጫ ሹራብ ከምስማሩ አንስታ ሰጠችው፣ አባዬም በሩ ላይ ሆኖ ለበሰውና ሄደ። ያኔ ብዙ አባት እንደዚያው ነበር የሚሄደው፣ ከተማውም ለምዶት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ እኔ ግንቡ ሥር ቆሜ ተራ እጠብቅ ነበር፣ ተራዬ ግን አይደርስም። ጓደኛዬን እናቷ በመስኮት ትጠራትና ቤት ታስገባት ነበር፣ እኔን ግን ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም፣ ምናለ በተናገሩኝ! በዚያ ክረምት ከሰው ጋር ያወራሁት ከቁጥር የሚገባ አይመስለኝም። ደብተሩን ይዤ አሮጌ ገጾችን አገላብጥ ነበር፣ የአባዬን የእጅ ጽሑፍ በጣቴ እየተከተልኩ።

እማዬ በየቀኑ ስንቅ ትቋጥርና አባዬ ወደታሰረበት ግቢ እንሄድ ነበር። ሳህኑን ተቀብለውን፣ በሩን ዘግተው፣ ባዶውን ይመልሱልን ነበር፤ ባዶ መመለሱ ደስታችን ነበር፣ በልቷል ማለት ነው። ነሐሴና መስከረም እንዲህ አለፉ። በጥቅምት አጋማሽ ግን ዘበኛው ሳህኑን ከነክዳኑ መልሶ «ከእንግዲህ አታምጡ፣ እዚህ የለም» አለ። የት እንደሄደ እማዬ ብትጠይቅ ፊቱን አዞረ። ያ ቃል ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ሰዉ ሁሉ ያውቅ ነበር። እማዬ ሙሉውን ሳህን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ትኩሱ ወጥ በልብሷ ላይ እየፈሰሰ፣ ሳታውቀው ቤት ደረሰች።

ኅዳር ላይ የሰፈራችን ባለሱቅ እማዬን በጓሮ በር ጠርቶ አንድ ጥቅልል ሰጣት። «አንድ ሹፌር ጥሎልኝ ሄደ። ከየት እንደመጣ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁ» አላት። ግራጫው ሹራብ ነበር። እርጥብ ነበር፣ ውሃ ውሃ፣ ጭቃ ጭቃ ይሸት ነበር። እማዬ ፊቷን ከተተችበት፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አለ! በሕይወት አለ!» እያለች መሬት ላይ ተቀመጠች። የእጅጌውን እጥፋት የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ከውስጡም የተጨማደደ ቅርንጫፍ ወጣ። ቢጫ። ክንፎቹን ቆጠርኩ፣ አምስት።

«አሜጃ ነው! እማዬ፣ አባዬ እዚሁ ደሴ ነው፣ ጦሳ አጠገብ ነው ያለው!»

እማዬ ቀና አለች። በዚያ ሰሞን እስረኞችን ወደ ኮምቦልቻ እንዳወረዷቸው ወሬ ይናፈስ ነበርና ልትሄድ አስባ ነበር፣ ለመሄድ ደግሞ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት መለመን ነበረባት፣ መለመኑም የእስረኛ ሚስት ነኝ ብሎ ራስን ማስመዝገብ ነበር። ትከሻዬን ይዛ «እርግጠኛ ነሽ? እይው እስኪ በደንብ» አለችኝ።

«ወላሂ አሜጃ ነው!» አልኳት።

ደብተሩ አልጋው ሥር ነበር። አልገለጥኩትም። አባዬ ቅርብ እንዲሆን በጣም ፈልጌ ነበር፣ ደግሞም ከስንት ወር በኋላ አንድ ሰው እኔን ጠይቆኝ፣ መልሴን አምኖኝ ነበር። እማዬም «የአባቷ ልጅ ናት፣ ቅጠል ታውቃለች» ብላ የኮምቦልቻውን ሐሳብ ተወችው። ኅዳርንና ታኅሣሥን በሙሉ ደሴን ስንዞር ከረምን፣ እማዬ ስንቋን በሻሿ ሸፍና ከአንዱ ግቢ በር ወደ ሌላው፣ እኔ ከኋላዋ። ሁሉም «እዚህ የለም» ይሉን ነበር። እኔ ግን ወይ ፍንክች፣ ጦሳን ቀና ብዬ እያየሁ እዚያ ነው እል ነበር።

ጥር ላይ ብርዱ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ቅርንጫፉን ደብተሩ ላይ ልለጥፈው አሰብኩ። የአሜጃን ገጽ ገልጬ ከአሮጌው ጎን አስቀመጥኩትና፣ አባዬ ቢኖር እንደሚያደርገኝ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ያን ጊዜ አላጮለቅሁም፣ የሚያየኝ ስላልነበረ ማጮለቁም ትርጉም አልነበረውም። ጣቴ ከግንዱ ተነስቶ ቅጠሉን ሲፈልግ በመሃል ቀጭን ዘንግ አገኘ። ሌላውን ቅጠል ዳሰስኩ፣ እሱም እንደዚያው። ባለ እግር ነበር። ገጾቹን እያገላበጥኩ የኮምቦልቻው ላይ ደረስኩ፣ ቅጠሉ ያው፣ አበባው ያው፣ ባዶው የፍሬ ቤት እያየኝ። ቅርንጫፉን ገልበጥ ሳደርገው ከአበባው ሥር እንደ ቅርንፉድ የረዘመ ፍሬ ተንጠልጥሎ ነበር። ሦስቱንም ልኮልኝ ነበር፣ እንዳልሳሳት ብሎ።

እማዬ ነገሩን ስነግራት አልጮኸችም። በማግስቱ ቀበሌ ሄዳ ለመነች፣ ወረቀቱንም አገኘች፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐረጎን ወረድን።

ኮምቦልቻ የእስረኞቹ ግቢ በር ላይ ስንቅ ይዘው የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። እማዬ ሰላምታ ሰጥታ የአባዬን ስም ስትጠራ አንዲት አሮጊት፣ ሌሎቹ እመት ፋጡማ የሚሏቸው፣ ተነስተው መጡ።

«ያ ቅጠል የሚለቅመው መምህር? ያረቢ! ሚስቱ አንቺ ነሽ?»

«አዎ እመት፣ እዚህ ነው? ያውቁታል?»

«ከአሥር ቀን በፊት ጭነው ወሰዷቸው፣ የእኔንም ልጅ አብረው። ወዴት እንደሁ የሚነግረን የለም። እኔም የምመጣው ምናልባት ይመልሷቸው እንደሁ ብዬ ነው።» የእማዬን እጅ ያዙ። «አብሽሪ ልጄ። ስንቅ የሚያመጣለት ስላልነበረ ከልጄ ጋር ነበር የሚበላው። ልብስ እንዲያጥቡ ቦርከና ሲያወርዷቸው እኛም እዚያ እናገኛቸው ነበር፣ ሹራቡን የሰጠኝ ያኔ ነው። ሹፌሩን ከየት እንደሆነ አትናገር ያልኩት እኔ ነኝ፣ ፈርቼ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ታዲያ ቃል ሳይኖረው በምን ያውቁታል ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ግድ የለም እመት፣ ልጄ ቅጠሉን ታውቀዋለች፣ ይመጣሉ› አለኝ። በየቀኑም...»

እዚህ ላይ ቁልቁል እኔን አዩኝና የቀረውን ዋጡት።

የዋጡትን ቃል ለመገመት ልጅ መሆን አያግድም። በየቀኑ በሩን ያይ ነበር ሊሉ ነበር። ወደ ደሴ ስንመለስ ሐረጎ ላይ ብርዱ ሲጀምር እማዬ ከሻርፗ ግማሹን አልብሳኝ፣ እስክንደርስ መንገዱን ታይ ነበር። አንድ ሰው ቢቆጣኝ፣ ቢገርፈኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እማዬ እስከሞተችበት ቀን ድረስ የዚያን አበባ ነገር አንስታብኝ አታውቅም፣ እኔም ይቅርታ የምጠይቅበትን በር ሳላገኝ ቀረሁ። የአባዬ መድረሻም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ባለፈው ዓመት መስከረም ሲያልቅ ከልጄ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ወርደን ነበር። ድሮ የይለፍ ወረቀት የሚያስለምነው መንገድ ዛሬ በሚኒባስ ወሬ ተጀምሮ ሳያልቅ የሚደረስበት ነው፣ ሐረጎ ላይ ጆሮዬ ግን እንደ ጥንቱ ይደፈናል። ቦርከና ዳር ቤቱና አጥሩ ረግረጉን በልቶታል፣ ያም ሆኖ አንድ ጥግ ላይ ያ ተክል ተንጋልሎ አበባውን ይዞ ነበር። ልጄ ስልኳን ደገነችበት፣ ወዲያው ስም ወጣ፣ ረጅም የባዕድ ስም፣ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ቅጠሉን እየዳሰስኩ ነበር። ትስቅብኛለች፣ ትሳቅ፣ እሷ በአንድ ቅጠል አባት ጠፍቶባት አያውቅም።

ቤት ስንመለስ ደብተሩን አውጥታ ገጹን አገኘችው። ቅጠሉ አለ፣ አበባው አለ፣ ፍሬውም በሦስተኛው ቤት አለ፣ በዚያ ጥር የለጠፍኩት። ከላይ ያለው የስም መስመር ግን ባዶ ነው። እስክሪብቶ አነሳች።

«እማ፣ ሦስቱም ሞልቷል እኮ። ስሙን ልጻፈው?»

«ተይው» አልኳት። «የሚጽፈው አባዬ ነው።»