የረገፈው የሴት ነው

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከመቱ ገበያ ጀርባ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ በሚራገፍባቸው መጋዘኖች በኩል ሳልፍ፣ ከእርጥብ ቅጠል ሥር የተለቀመ ቡና ሽታ፣ ያ ጣፈጥም ሻገትም የሚለው፣ ድንገት መጥቶ ያስቆመኛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፣ እኔም ደስ የሚል ሽታ ነው ብዬ አልከራከርም። በልጅነቴ ግን የታላቅ እህቴ የመሠረት ዩኒፎርም ይህንኑ ይሸት ነበር፤ እናቴ የራሷን ቡና የምታደርቀው በእኛ በሴቶቹ ልጆች አልጋ ሥር ስለነበረ፣ ልብሳችንም ፀጉራችንም ሽታውን ይዞ ይውል ነበር።

ቤታችን ከኖፓ ከተማ ዳር፣ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ላይ ነበር። አያቴ ከሸዋ መጥቶ ያቀናው የቡና መሬት ከቤታችን ሥር፣ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ውስጥ ይታየን ነበር። በክረምት፣ ያገራችን ክረምት ደግሞ አንዴ ከገባ መውጫውን የሚረሳ ነው፣ አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ዝናቡን ሲያማ፣ እናቴ ጆንያ ተከናንባ አረሙን ታርም ነበር። ጥቅምት ሲገባ ፍሬው መቅላት ይጀምርና ቤተሰቡ በሙሉ ለለቀማ ይወርድ ነበር። ከዛፉ ላይ የተለቀመው ግቢያችን ውስጥ በተሠራው የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቅና አባቴ ይሸጠዋል። ሳይለቀም የረገፈው፣ ከእጅ ያመለጠው፣ ወፍና ጦጣ የጣለው ግን የሴት ነው።

ይህን ማን እንደደነገገው አላውቅም፣ እናቴም አታውቅም። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ስትወርድ «ከን ለፈ ቡኤ ከን ኬኛ!» ትል ነበር፣ መሬት የወደቀው የኛ ነው ማለቷ ነው። ወንዶቹ ይስቁ ነበር እንጂ አንድም ቀን የተቃወመ የለም። ጎንበስ ብሎ ከጉንዳን ጋር እየተሻሙ መልቀም የሚያስቀና ድርሻ አይደለማ!

ከዚያ ከረገፈው ነበር ጨው፣ ሳሙና፣ የእናቴም ነጠላ የሚገዛው። ከሁሉ በላይ ግን መሠረት የምትማረው በእሱ ነበር። ያን ጊዜ የኖፓ ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም ነበርና፣ ዘጠነኛ የደረሰ ልጅ መቱ ሄዶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ እየተላከለት ይማር ነበር። የወንድሜን የዳዊትን ወጪ አባቴ ይችል ነበር። ስለ መሠረት ሲጠየቅ ግን «እሷ የእናቷ ናት» ብሎ ይስቃል፤ ክፋት አልነበረውም፣ ነገሩ ድሮም እንደዚያ ስለሆነ ነው። ዳዊት ከሦስት ጎረምሶች ጋር በአንድ ክፍል ስለሚኖር እሷ እዚያ ማደር አትችልም፤ ለብቻዋ በሩ የሚቆለፍ ክፍል ያስፈልጋት ነበር። እንግዲህ ብዙ የሚያስወጣው የሴቷ ልጅ ትምህርት፣ የሚከፈለውም ከመሬት ከተለቀመው ነበር።

መሠረት አሥረኛ ክፍል በገባችበት ዓመት፣ እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ከስብሰባ ሰማያዊ ሸራ ተሸክሞ መጣ። የቡና ማኅበር ተቋቁሞ አባል ሆኖ ነበር፤ የተጠሩት አባወራዎች ነበሩና እናቴ አልሄደችም። የግብርና ባለሙያው «ቡና መሬት ከነካ አፈር አፈር ይላል፣ ዋጋውም ይወድቃል፤ ከዛፉ ሥር ሸራ እያነጠፋችሁ ቀይ ቀዩን ቶሎ ቶሎ ልቀሙ» ብሏቸዋል። የነገራቸው እውነት ነው፣ ዛሬም ቢሆን ማንም የሚያውቀው ነው። አባቴ ሸራውን ግቢው ውስጥ ዘርግቶ ዙሪያውን ሲዞር፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ያነጠፍነው እኛው ነን። እናቴ አንዱን ጫፍ፣ እኔና ዓርብ ዓርብ ከመቱ የምትመጣው መሠረት ሌላውን ይዘን፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየጎተትን እንለቅም ነበር። ከእጃችን ያመለጠው ሁሉ ሸራው ላይ ይወድቅና ተጠራርጎ አባቴ ጆንያ ውስጥ ይገባል። እየተመላለስን ስለምንለቅም ዛፉ ላይ በስሎ በራሱ የሚረግፍም አልተረፈም፤ ከሸራው ሥር የቀረው አንድ ቅርጫት አይሞላም ነበር።

«የረገፈውስ?» አለችው እናቴ አንድ ቅዳሜ፣ ጆንያውን ሲሰፋ አጠገቡ ቆማ።

«ምን የረገፈ አለ? አንዲት ፍሬ መሬት አልነካች» አላት፤ የምታመሰግነው መስሎት ነበር።

«ታዲያ መሲ በምን ትማር?»

አባቴ ወስፌውን ጆንያው ላይ ሰካ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩን አስቦት እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። «ይሸጥና ይታያል» አለ።

በማግሥቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ መሠረት የሸራውን ጫፍ አጠፍ አድርጋ፣ ቅርንጫፉን ወደዚያ ስባ ስታራግፍ እናቴ ደረሰችባት። ፍሬው ቅጠሉ ላይ ተበትኗል። እናቴ ምንም ሳትቆጣ ጎንበስ ብላ ጫፉን ዘረጋችው።

«እማዬ፣ የኛ አይደል እንዴ?» አለች መሠረት።

«ነበር። አሁን ስርቆት ነው። ትናንት ድርሻዬ የነበረውን ዛሬ ሌባ ሆኜ አልወስደውም፤ አንቺም አትወስጂውም።»

መሠረት አለቀሰች፣ እያለቀሰችም ለቀመች። እስከ ዛሬ በዚህ ነገር የምናደደው በአባቴ ይሁን በእናቴ ለይቼ አላውቅም።

ቡናው ጥሩ ተሸጠ። በበጋው የቤታችን ሣር ወርዶ ቆርቆሮ ተመታበት፤ ጣሪያው ለሁላችንም ነበርና ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ዳዊት ለትምህርት ወደ ጅማ ተሻገረ። የመሠረት ነገር ሲነሣ አባቴ «ለከርሞ» አለ፣ ከልቡም ነበር፤ ዳሩ ግን የቤት ኪራይ ለከርሞ አይጠብቅምና የመንፈቁ ዕረፍት አልቆ ጓደኞቿ ሲመለሱ እሷ ቀረች። ግንቦት ላይ እነሱ ለፈተና ሲቀመጡ፣ እሷ ጆንያ ተከናንባ ከእናቴ ጎን ታርም ነበር። በቀጣዩ ዓመትም ሸራው ተነጠፈ፣ በቀጣዩም ለከርሞ ተባለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እንዲያ የሚለው ሰው ግን እናቴን በዚያ ሰሞን አላያትም፣ ከውስጥ እየተቦረቦረች ነበር። መሠረትን ዳሪሙ ገጠር ያለ ጥሩ ሰው አገባት፤ እሱም ቡና አለው፣ እሱም ሸራ አለው።

እኔ ዘጠነኛ ስደርስ ኖፓ ውስጥ ትምህርት ቤቱ ከፍ ብሎ ነበርና፣ ከቤቴ እየበላሁ ተማርኩ። ከእሷ ጎብዤ አይደለም፣ ዘግይቼ ተወልጄ ነው። አሁን መቱ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። የቡና ገበሬዎች ስብሰባ ሲጠራ ዛሬ ሴቶችም ይጠራሉ፤ መጥተው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሲጨበጨብ አጨብጭበው፣ የአበል ፊርማ ሲመጣ ባሎቻቸውን ይጠራሉ። ስለ እኩልነት የምናገረው እኔ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ሸራ አታንጥፉ እንዳልል ቡናው ይበላሻል፣ አንጥፉ ስል የመሠረት ፊት ይመጣብኛል።

አባቴ አርጅቷል። በዓመት በዓል ሁላችንም ኖፓ ስንሰበሰብ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ቁልቁለቱ እያመለከተ «በዚያ ቡና ልጆቼን በሙሉ አስተማርኩ» ይላል። ውሸታም ሰው አይደለም፣ እንዲያ ሆኖ ነው የሚታየው። መሠረት ከዳሪሙ ድረስ በእግሯ መጥታ፣ ጓዳ ስትሠራ ውላ፣ እጁን እያስታጠበችው ትሰማዋለች። ድሮ ድሮ እናቴ ካለችበት ሆና «ከመሲ በቀር» ብላ ታርመው ነበር። አሁን እየሰማችው አታርመውም።