ሆዳን ዝሆን አልጋልብም አለች

ዛሬ ጠዋት ታይላንድ ውስጥ ጓደኛዬ ሆዳን ዝሆን ላይ ልትወጣ እግሯን ካነሳች በኋላ ድንገት ቀጥ ብላ ቆመች።

ሁለታችንም ጅጅጋ ውስጥ ልብስ ነጋዴዎች ነን። ለዕቃ ባንኮክ መጥተን ሥራችንን ስንጨርስ፣ አገር እንይ ብለን ወደ ሰሜን ወጣን። ዝሆን መጋለቡ የሷ ሐሳብ ነበር። ለፎቶው ብላ አዲስ ቀሚስ ሁሉ ገዝታለች!

"ነይ እዪ" አለችኝ። ጀርባው ላይ ከታሰረው መቀመጫ ሥር፣ ገመዱ በሚያርፍበት በኩል የዝሆኑ ቆዳ ተልጦ ቆስሏል።

"ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተን?" ብዬ ተቆጣሁ።

"አባቴ እንዲህ የቆሰለ ግመል ጭኖ አያውቅም። ወላሂ አልወጣም!"

ትታኝ ሄደች። ተራ ይጠብቁ የነበሩ ባልና ሚስትም ቁስሉን አይተው ተከተሏት። እኔም ካሜራዬን አጥፌ ከኋላቸው።

ሾፌራችን ነገሩን ሲሰማ ከሰዓት ሌላ ቦታ ወሰደን። እዚያ ያሉት ከጭነት ሥራ የወጡ ዝሆኖች ናቸው። መጋለብም መንካትም የለም፤ ራቅ ብሎ ማየት ብቻ።

አንዲት አሮጊት ዝሆን ከጭቃው ወጣችና በኩምቢዋ አፈር እያፈሰች ጀርባዋ ላይ ትበትን ጀመር። ጀርባዋ ላይ ሰፊ ጠባሳ አለ፤ ከጠባሳው ዙሪያ ግን ፀጉር በቅሏል።

ሆዳን እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። "አየሽ፣ ካሳረፏቸው ይድናሉ" አለችኝ።

እናንተስ? በአንድ እንስሳ ምክንያት ሐሳባችሁን የቀየራችሁበት ቀን ካለ ጻፉልን። ሆዳን አጠገቤ ሆና እየጠበቀች ነው።