ጓድ ኃላፊ እና የጀልባዋ ኤር ኮንዲሽነር

በደርግ ጊዜ ነው። አንድ አመሻሽ ላይ፣ ላሊበላ የምሠራበት እንግዳ ማረፊያ በር ላይ ላንድሮቨር ቆመ። የወረደውን ሰውዬ ሳየው ደሜ ፈላ... ጓድ ኃላፊ!

ከዚያ በፊት ምፅዋ፣ የመንግሥት እንግዶች በሚንሸራሸሩባት ጀልባ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። ለጀልባዋ ኤር ኮንዲሽነር ሊገዛ ነው ተባለና ምረጥ ተባልኩ። ሁለት ትንንሽ መረጥኩ። አንዱ ለእንግዶቹ ክፍል፣ አንዱ ሞተሩ ጎን ለምንተኛው ለእኛ። ጀነሬተሩ ሁለቱንም ይችላል።

የጀልባዋ አለቃ ጓድ ኃላፊ ግን አንድ ትልቅ አስገዛ፣ ለራሱ ክፍል ብቻ። ለሌላ የሚተርፍ ኃይል አልነበረም።

«እኛስ ጓድ?» አልኩት።

«እናንተ ትለምዱታላችሁ» ብሎ ሳቀ።

አልለመድነውም። የእኔ ገላ በሙሉ ሽፍታ ሆነ። ወጥ ቤት የሚሠራው ሐሰን ደግሞ አንድ ቀን ምድጃው አጠገብ ተዘረረ። ሆስፒታል ከገባ በኋላ ጓድ ኃላፊ ቬንትሌተር፣ ያቺን የአየር ማራገቢያ፣ ላከለት። ሐሰን ሁለተኛ ጀልባ ላይ አልወጣም፤ እኔም ሥራውን ጥዬ አገሬ ላስታ ገባሁ። የሰውዬው ሳቅ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

አሁን በስስ ሸሚዝ ቆሞ ብርዱ ያንዘፈዝፈዋል። አላወቀኝም። የክፍሎቹ ቁልፍ ደግሞ እኔ እጅ ነው...

ነፋስ የማይገባበትን ክፍልና ወፍራም ብርድ ልብሶቹን በሙሉ ለሾፌሩ ሰጠሁ። ለእሱ መስኮቱ የማይገጥመውን ክፍል፣ ከአንዲት ስስ ብርድ ልብስ ጋር።

«ምንድነው ይሄ? ሁሉም ለሾፌር?» ብሎ ጮኸ። ሊቀበሉት የመጡት ካድሬዎች ዞር አሉ።

«ላብ አደሩ ይቅደም ብለን ነው፣ ጓድ!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ካድሬዎቹ አጨበጨቡ። እሱም ሳይወድ አብሮ አጨበጨበ። ደስታዬን አልደብቅም... አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጠዋት ሾፌሩ ገና ተኝቷል፤ ጓድ ኃላፊ የመስኮቱን መጋረጃ ተከናንቦ ወጣ። ትክ ብሎ አየኝ።

«አንተ... ምፅዋ አልነበርክም?»

«ነበርኩ ጓድ። በረደዎት እንዴ? ይለምዱታል።»

ሊያሳስረኝ ይችል ነበር። ግን ምን ብሎ ይክሰሰኝ? ላብ አደር አስቀደመ ብሎ? መጋረጃውን ጠበቅ አድርጎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል የሐሰንን ቬንትሌተር አስታወስኩና... ለጓድ ኃላፊ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዤለት ሄድኩ።