ስድስት አጣቢዎች፣ አምስት ይለፍ

በጣሊያን ዘመን ደብረ ማርቆስ ምሽጉ ውስጥ የቁስለኛ ልብስ ከምናጥበው ስድስት ሴቶች አንዷ ነበርኩ። በዓል ሲደርስ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ አምስት የይለፍ ወረቀት ያመጣል፤ ስድስተኛዋ ለሥራ ትቀራለች። ያለ ይለፍ ኬላውን ማለፍ አይታሰብም። ማን ትቅር የሚለውን ለእኛው ይተወዋል፤ እኛም፣ ማለቴ እነሱ፣ ልጅ የሌላት ትቅር ይላሉ። ልጅ የሌለኝ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ባሌም የፈታኝ በዚሁ ነው። ገናውም ጥምቀቱም፣ ያለፈው ዓመት ፋሲካም እኔው ላይ አለፈ።

እኔ ግን እናት ነበረችኝ። ይጁቤ አጠገብ ብቻዋን የምትኖር፣ ዓይኗ የጠፋ፣ ከጎረቤት በቀር ጠያቂ የሌላት። በቀጣዩ ዓመት ሁዳዴ ሲጋመስ መታመሟን ከአንድ ገበያተኛ ሰማሁ። ፋሲካን ከልጄ ጋር ልግደፍ ብላለች አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። ደም የነካውን አንሶላ እየፈተግሁ ስንት ቀን ቀረ እያልኩ እቆጥር ነበር።

ሰሙነ ሕማማት ገባ፣ ይለፉም መጣ። ያን ጊዜ ስውጠው የኖርኩት ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። ሰው ያለው ልጅ ያለው ብቻ ነው ወይ፣ እናትስ ሰው አይደለችም ወይ አልኳቸው። በዕድሜ የምትበልጠን የአራት ልጆች እናት እጇን ከእንዶዱ አረፋ አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች።

"እውነትሽን ነው እታለም። እግዜር ፍሬ ስላልሰጠሽ ሁላችንም እናዝንልሻለን። ዘንድሮ አንቺ ሂጂ፣ እኔ እቀራለሁ።"

እግሯ ላይ ወድቄ ማመስገን ነበረብኝ። ግን ያ "እናዝንልሻለን" ያለችው ነገር አንገበገበኝ።

"ምጽዋት አልፈልግም እትዬ። ዕጣ ይጣል" አልኩ።

ሊያባብሉኝ ሞከሩ፤ እኔ ወይ ፍንክች። እንደ አገራችን ልማድ አንዷ ጠጠር፣ አንዷ ስንደዶ፣ አንዷ ከሰል፣ ሁላችንም የየራሳችንን ምልክት በነጠላ ጠቅልለን የማን እንደሆነ ለማያውቀው ለምሽጉ ሽማግሌ ዘበኛ ሰጠነው። መጀመሪያ ምልክቷ የወጣ ትቅር ተባባልን። ሽማግሌው ፊቱን አዙሮ እጁን ሰደደ። ያወጣው የእኔን የሸሚዝ ቁልፍ ነበር።

ትልቋ ሴት አሁንም ይለፏን ዘረጋችልኝ። ዕጣ ከወጣ በኋላ ማፍረስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ደግሞስ ያን ሁሉ ተናግሬ በምን አፌ እቀበላለሁ? እሑድ ከተማው ሲገድፍ ብቻዬን አንሶላ እያጠብኩ አለቀስኩ።

ማክሰኞ ሴቶቹ ሲመለሱ ለእኔም ይለፍ ተሰጠኝና ስሮጥ ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ጎረቤታችን ተቀበለችኝ። እናቴ እሑድ ማታ አርፋ ሰኞ ተቀብራለች። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ምግብ ቢያቀርቡላት፣ ልጄ መንገድ ላይ ናት፣ ትድረስና አብረን እንቀምሳለን ብላ እምቢ አለች። እንደጾመች ሞተች።

ጎረቤታችን እያለቀሰች ምን ሆነሽ ቀረሽ ብላ ጠየቀችኝ።

"ጣሊያኖቹ ይለፍ ከለከሉኝ" አልኳት።

ለዘመድ ሁሉ የነገርኩት ይህንኑ ነው።